ሳይታዩ ስላለፉት ጠርሙሶች

ለተከበሩ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
በያሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄን በአንድ ፊርማ ስለፈወሱልኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ራስዎን እንዴት ነዎት? ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ብርሃን ሳይወጋዎት፣ ድምፅ ሳያስደነግጥዎት፣ የበሉት ሳይመለስብዎት ውለው እንዲገቡ ምኞቴ ነው። ይህ ምርቃት ከአፍ ብቻ የወጣ እንዳይመስልዎት፤ ሦስቱን የማያውቅ ሰው ምን ያህል የታደለ እንደሆነ በቤቴ ስላየሁ ነው።

እኔ የዓይናማዋ እናት ነኝ። ዓይናማዋ የሚሏት በፋብሪካዎ የመፈተሻ መስኮት ላይ ስድስት ዓመት የተቀመጠችው ልጄ ናት፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ሲሆኑ፣ ከጠርሙስ ሥር የተደበቀች የጸጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ ስለማታመልጣት ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከዚያም በላይ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ አሳምሬ አውቃለሁ። ይህንን ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም እንዳይተኛብኝ ብዬ ነው። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ቢሆንም አንቱ እልዎታለሁ፤ ወንበር ይከበራል።

እርስዎ ቢያውቁትም ለማያውቀው አንባቢ ስል ሥራውን ላስረዳ። ከየሱቁ የተመለሰው ባዶ ጠርሙስ ታጥቦ ከመሞላቱ በፊት በሰንሰለት እየተጎተተ በአንድ ትልቅ ነጭ መብራት ፊት ያልፋል። ሴቶቹ ያንን መብራት መስኮት ይሉታል። በመስኮቱ ፊት የምትቀመጠው ሴት የተሰነጠቀውን፣ ከንፈሩ የተሸረፈውን፣ ቆሻሻ የቀረበትን በእጇ እየመዘዘች ታወጣለች፤ የቀረው ወደ መሙያው ይሄዳል። በደቂቃ መቶ ጠርሙስ ያህል ያልፋል፤ ከእሷ በኋላ የሚያየው ሌላ ዓይን የለም። ከእርስዎ በፊት የነበሩት አለቃ ራሳቸው ከዚያ መስኮት ተነሥተው ያደጉ ሰው ስለነበሩ፣ ሴቶቹ በየሃያ ደቂቃው እንዲቀያየሩ ደንግገው ነበር፤ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ሳጥን ትደረድራለች፣ ዓይኗም ያርፋል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር ማስቀመጥ የሥራ ልማዴ ነውና ይታገሡኝ።

፩. በመጀመሪያ ያንን መቀያየር ስላስቀሩልን አመሰግናለሁ። ሴቶቹ ከመስኮት ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ መስኮት ሲመላለሱ በቀን አርባ ደቂቃ እንደሚባክን በሰዓት ለክተው ደረሱበትና፣ አንዷ ለሁለት ሰዓት ከመብራቱ ፊት ንቅንቅ ሳትል እንድትቀመጥ በማስታወቂያ አዘዙ። ከመስኮቱ ረጃጅም አምፖሎች አንዱ ሁለት ወር ሙሉ ሲርገበገብ ከርሟል፤ ሴቶቹም ይቀየርልን ብለው በጽሑፍ ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸውን መልስ ልጄ ይዛው መጥታ አንብቤዋለሁ፤ አምፖሉ ጨርሶ እስካልጠፋ ድረስ እንደሚሠራ ይቆጠራል ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የአለቃ ደብዳቤ ስመታ ኖሬ እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር አልገጠመኝም። ሰውንም በዚሁ ሚዛን እንደምትመዝኑ ግን ያኔ ገና አልገባኝም ነበር።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለፋብሪካው ክሊኒክ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ከመብራቱ ፊት በተቀመጠች በሰዓቱ ገደማ፣ ከቀኝ በኩል አንዲት የምታብረቀርቅ ነጥብ ታየቻት። ነጥቧ እየሰፋች የመጋዝ ጥርስ የመሰለ የሚንቀጠቀጥ መስመር ሆነች፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ያ መስመር በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሲያርፍ ስንጥቅ ነው የሚመስለው። ስንጥቁ የጠርሙሱ ይሁን የዓይኗ መለየት አቃታት። እንግዲህ ምን ታድርግ? የተሰነጠቀ ጠርሙስ የሰው ከንፈር ይቆርጣል፤ ስለዚህ ያልተማመነችበትን ሁሉ እየመዘዘች አወጣች። በግማሽ ሰዓት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጠርሙስ አወጣች፤ ሲመረመሩ ሁሉም ደኅና ሆነው ተገኙ። የፈረቃ አለቃዋም ሆን ብላ ሥራ አጓተተች ብሎ ጻፈባት።

መስመሩ ሲጠፋ ደግሞ ሕመሙ ተተካ። ግማሽ ራሷን እንደ ምሳር እየፈለጣት፣ እጥበት ክፍሉ ድረስ ተደግፋ ሄዳ እያስመለሳት፣ ክሊኒክ አስገቧት። ነርሱ ቴርሞሜትር አደረገላትና ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት መሆኑን አይቶ ጤነኛ የሚል ማኅተም መታላት፤ በደንባችሁ መሠረት ትኩሳት የሌለው ሰው የሕመም ፈቃድ አይሰጠውምና። ነርሱን አልወቅሰውም፤ ደግ ልጅ ነው። ለጥርስም፣ ለወገብም፣ ለሆድ ቁርጠትም ከአንድ ቆርቆሮ እያወጣ ከሚያድለው ነጭ ክኒን ሁለት ሰጥቷታል። እሷም ክኒኑን ከነውኃው መልሳዋለች።

፫. ሦስተኛ፣ እርስዎ ባያስጨንቁን ኖሮ ሐኪም ዘንድ አንሄድም ነበርና ስላተረፉልን እውቀት አመሰግናለሁ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ አንድ ሰዓት ለሚሞላ ጊዜ ጠየቀቻት። መቼ ጀመረሽ፣ በየትኛው ጎን ነው፣ ይመታል ወይስ ይጫናል፣ ብርሃን ይረብሻል ወይ፣ ስትንቀሳቀሺ ይብሳል ወይ አለቻት። ድንገት እንደ መብረቅ የመታት፣ እጅ እግሯን ያዛላት፣ አንደበቷን የተበተባት፣ ከትኩሳት ጋር አንገቷን ያደረቃት እንደሆነም አጣራች፤ እነዚያ የሌላ በሽታ ምልክት ስለሆኑ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሮጥ እንዳለበት ነገረችን። ከዚያ ማይግሬን ነው አለች። ደምም ራጅም እንደማያሳየው፣ የሚታወቀው በሽተኛው በሚናገረው ታሪክ እንደሆነ፣ የስንፍና ወይም የጠባይ ጉዳይ ሳይሆን የአንጎል ሕመም እንደሆነ፣ አንዴ ከተነሣ ከአራት ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ እንደሚችል አስረዳችን። የሚያብረቀርቀው መስመርም ለአንዳንዱ ሰው ከሕመሙ አስቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

አማራጮቹንም ቆጠረችልን፤ ለእርስዎም ባይሆን ለአንድ አንባቢ ይጠቅም ይሆናልና እነግርዎታለሁ። ሕመሙ ሲጀምር የሚወሰድ ማስታገሻ አለ፤ ይኸኛው ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ካረፈደ አይሠራም። ተራው ማስታገሻ ላልበቃው ለማይግሬን ብቻ የተሠራ ሌላ ክኒን አለ፤ ልቡንና የደም ሥሩን ለሚያመው ሰው ስለማይሆን ሐኪም ሳያይ አይታዘዝም። ለማስመለሱም የራሱ መድኃኒት አለው። ማስታገሻ ግን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከተለመደ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል አለችን፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ነው። በወር ብዙ ቀን ለሚያመው ደግሞ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ አለ፤ አንዱ ለደም ግፊት፣ አንዱ ለሚጥል በሽታ፣ አንዱ ለድብርት የሚሰጥ የነበረ ነው። ለልጄ የደም ግፊቱን አዘዘችላትና፣ እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለት ሦስት ወር ታገሺ አለቻት። ከዚህ ሌላ እንቅልፍን በሰዓቱ መተኛት፣ ምግብ አለመዝለል፣ ውኃ መጠጣት፣ የሚያስነሣውን ነገር በደብተር እየጻፉ መሸሽ ነው። ልጄ ደብተሩን እዚያው ጀመረች፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚርገበገብ መብራት ብላ ጻፈች።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር የለውም፤ ምስጋናም አይደለም። ሐኪሟ ከቤተሰብ ይህ ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የገጹ መሐል እየጠፋብኝ ጣቴ በለመደው ስመታ፣ ስሕተቱን በምሳ ሰዓት ተደብቄ ስደግም፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግንባሬን ከቀዝቃዛው ግድግዳ ሳስደግፍ ኖሬያለሁ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ልጄ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ዓይኗን ጨፍና እያስመለሳት ስትመጣ፣ መሐረብ በግንባሯ ላይ አጥብቄ አሰርኩላትና ለሰው እንዳትናገሪ፣ ዝም አይነቅዝም አልኳት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስሰማ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ያለ መድኃኒት ያኖርኳት እኔ ነኝ። እርስዎን ስወቅስ ይህንን ብተው ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

፬. አራተኛውና ዋናው ምስጋናዬ እርስዎ ራስዎ ለሰጧት ሕክምና ነው። የሐኪሟ ማስረጃ አጭር ነበር፤ ሠራተኛዋ ማይግሬን እንዳለባት፣ መከላከያ መድኃኒት እንደጀመረችና ከሚርገበገብ ብርሃን ፊት ለረጅም ጊዜ ባትቀመጥ እንደሚመከር ይገልጻል። ልጄ የጠየቀችውም ወደ ሳጥን ክፍል እንድትዛወር፣ ካልሆነም የቀድሞው መቀያየር እንዲመለስ ብቻ ነው። ቢሮዎ ሲያስጠሯት አብሬያት መጣሁ፤ እርስዎም በገዛ እጅዎ ወንበር ሳቡልኝ፣ ይህን አልረሳሁም። ከዚያ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አንደኛው ማስረጃውን የሚቀበል ነው፤ ማስረጃው ከተያዘ ልጄ በሽተኛ ናት፣ በሽተኛ ከሆነች ለመስኮቱ ብቁ አይደለችም፣ ብቁ ካልሆነች ውሏ ይቋረጣል። ሁለተኛው ልጄ በዚያ ቀን ጤነኛ እንደነበረች፣ የታመመች አስመስላ ጠርሙሶቹን እንዳወጣችና ሁለተኛ እንደማይለምዳት የምታምንበት ነው፤ ይህ በደንቡ ቀላል ጥፋት ስለሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ያስከትላል። ይህንን ያቀረቡልን እንደ ውለታ ነበር፤ ምናልባትም ከልብዎ ውለታ መስሎዎት ይሆናል።

እንዳትፈርሚ ብዬ እጇን ያዝኳት። ሁለት ልጆቿንም እኔንም ቀጥ አድርጋ የያዘች እሷ ናት፤ ይህንን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስበው ነበር። እጄን በቀስታ አስለቅቃ፣ እርስዎ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እማ፣ የሚያባርሩት በሽተኛን ነው፤ ውሸታምን አያባርሩም” አለችኝና ፈረመች። እርስዎም ፈገግ ብለው ወረቀቱን ወደ መሳቢያ አስገቡት። እየወጣሁም እግዜር ይስጥልኝ ብዬዎታለሁ፤ አስተዳደጌ ነው። ሐኪሟ ከቆጠረችልን አማራጮች ውስጥ ይህ አልነበረም፤ ሰው በፊርማ እንደሚድን ገና አልሰማች ይሆናል።

፭. የዳነችው ልጄ በማግስቱ ወደዚያው መስኮት፣ ወደዚያው አምፖል፣ ወደዚያው ሁለት ሰዓት ተመለሰች። መከላከያውን መድኃኒት ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ወደ መስኮቱ በተመለሰች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ መስመሩ መጣባት። ሰንሰለቱን የሚያቆም ቀይ ቁልፍ በጉልበቷ አጠገብ አለ፤ ነገር ግን እሱን የተጫነች ምክንያቷን መጻፍ አለባት፣ ልጄ ደግሞ ምክንያቷን በፊርማዋ አሳልፋ ሰጥታዎታለች። ጠርሙሶቹን ብታወጣ ለመድሁት ማለቷ ነው። ስለዚህ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳታወጣ፣ መሐሉ የጠፋ ጠርሙስ ከፊቷ ሲያልፍ፣ ተቀመጠች። ከመቶ ሳጥን በላይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከመስኮቷ አንድም ጠርሙስ ባለመውጣቱ በፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሟ ተጽፎ ተመስግናለች፤ ስለዚህ ለእርሱም አመሰግናለሁ።

ቤት ስትደርስ ከበሩ አላለፈችም፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና፣ “እማ፣ ዛሬ ሳላይ አሳለፍኩ” አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ዓይን ስትኮራ አውቃለሁ፤ በመንገድ ስንሄድ ሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረ ጠርሙስ ካየች ይህ በእኔ ፊት አልፏል ትለኝ ነበር። አልቅሼ አላባበልኳትም፤ ራሷ ገና እየፈለጣት ስለነበረ ድምፅ ይጎዳታል። መጋረጃውን ዘግቼ አስተኛኋት።

ይህንንም ብትደብቀው ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት፣ ሕመሙ ሳይለቃት፣ ለፈረቃ አለቃዋ ነግራው ነበር። በዚያ ሰዓት የተሞሉት ሳጥኖች እንዲመለሱና እንደገና እንዲታዩ ለመነችው። ሳጥኖቹን የጫኑት መኪኖች ገና ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲላት በጽሑፍ ለእርስዎ አቀረበች፤ እርስዎም ያለ ወትሮዎ በሰዓት ውስጥ መለሱላት። መልሱ ፊቴ ተቀምጧል፤ ሠራተኛዋ ከዚህ በፊት የታመመች አስመስላ እንደነበር በፊርማዋ ያረጋገጠች በመሆኑ አሁን ያቀረበችው ማሳሰቢያ ተቀባይነት የለውም ይላል። ቃል በቃል እንዲህ ነው፤ ቀኑም ማኅተሙም አለው። መኪኖቹ ከሰዓት በኋላ ወጡ፤ ልጄም በማግስቱ ሥራዋን በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ካስቸገርኩዎት አይቀር ሁለት ነገር ልለምንዎት። አንደኛው፣ በዚያ ቀን ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት የተሞሉትን ሳጥኖች ከየሱቁ ይሰብስቡ፤ ቀኑና ሰዓቱ ቆርኪው ላይ ታትሟል፣ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። ሁለተኛው፣ ያንን ወረቀት ይመልሱልኝ። ሥራዋን አልጠይቅዎትም፤ እሱ ይቅርባት። ውሸታም ሳትሆን ውሸታም ነኝ ብላ የፈረመችበት ወረቀት ግን እርስዎ መሳቢያ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ልጄ እውነት ተናግራ የምትታመንበት ቦታ የላትም። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ራሴን አሳመመኝ ብላ መጥታለች። ለእሷ ዝም በይ የምትላት አያት ከእንግዲህ የለቻትም፤ ተናገሪ ብንላት ግን እናቷ ተናግራ ያገኘችውን ታያለች።

ልጄ አሁን በምን ላይ እንደዋለች ሳልነግርዎት ብዘጋ ያላለቀ ደብዳቤ ይሆንብኛል። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቷን ውጣ፣ ባርኔጣዋን ዓይኗ ድረስ ዝቅ አድርጋ ትወጣለች። በየሱቁ እየገባች፣ ባለሱቁን ይቅርታ እየጠየቀች፣ የእርስዎን ጠርሙስ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ታነሣለች። ቆርኪውን ታነባለች፤ የዚያ ሰዓት ከሆነ አገላብጣ ታየዋለች፤ ከዚያ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አንዳንዱ ባለሱቅ ይስቅባታል፤ አንዱ ሊሰርቅ የመጣ ሰው መስላው አስወጥቷታል። ሐኪሟ ከብርሃን ሽሺ ብላታለች፤ እሷ ግን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስትሄድ ትውላለች። ተይ ልጄ ስላት አትሰማኝም። ሠላሳ አራት ሱቅ ጨርሳለች፤ በደብተሯ ላይ የሕመሟን ቀን ከምትጽፍበት ገጽ ቀጥሎ የሱቆቹን ስም ትጽፋለች።

የጤናዎን ነገር ዘወትር የማስብ፣ ስለ ሳቡልኝ ወንበር ውለታ የሚሰማኝ፣ ለመልስዎም ከመስኮት አጠገብ ተቀምጬ የምጠብቅ፣ እጅግ ትሑት አመስጋኝዎ

ጡረተኛዋ ታይፒስት፣ የዓይናማዋ እናት

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው ክሊኒክ
ለየሱቁ ባለቤቶች
ጠርሙስ ከአፉ አስጠግቶ ለሚጠጣ ሰው ሁሉ

ሳልዘነጋ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ልጄ ከሠላሳ አምስተኛው ሱቅ አንድ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ቆርኪው ሦስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ይላል፤ ስንጥቁ አንገቱ ላይ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል፣ ለማየት ዓይናማ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥበቃው በኩል ልኬልዎታለሁ። ሲያነሡት እባክዎ ጣትዎን ይጠንቀቁ።